የዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ጂንፓቺ

በኮማሳዋ መንደር የቀጥቃጩ ቤት አባወራ ስም አይሞትም። ሰውየው ይሞታል፣ ይለቀስለታል፣ ይቀበራል፤ ስሙ ግን ከቀብር መልስ የተተኪው ትከሻ ላይ ያርፋል። ዐሥራ አንድ ጂንፓቺዎች ተራ በተራ በዚያ ቤት እሳት አንድደዋል። ዐሥሩ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ካለው ኮረብታ ተኝተዋል። ዐሥራ አንደኛው፣ አለቃ ጂንፓቺ፣ ሰባ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረም ሁለት ክረምት አልፏል።

ልጅ አልወለዱም። ብረት ከሚቀጠቀጥበት መስፍ ማዶ ቆማ መዶሻ የምትመልስላቸው ቶኪኤ ናት። አለቃው በትንሹ መዶሻ የሚመታውን ቦታ ያሳያሉ፤ እሷ በትልቁ ትመልሳለች። ቶን፣ ቴን። ቶን፣ ቴን። የመንደሩ ሰው አንዱ ሲያወራ ሌላው «እህ… አዎ… ይሁና» እያለ ሲሰማው «መዶሻ መለሰለት» ይላል፤ ቃሉ ከቀጥቃጭ ቤት የወጣ ነው። ቶኪኤ በሁለቱም ታውቅበታለች። በመስፉ ላይም ሆነ በሰው ወሬ መካከል፣ ቀድማም ዘግይታም አትመታም።

የመጣችው በሃያ አምስት ዓመቷ ነበር። ባሏን ግንድ ገድሎባት፣ የእሱን መጥረቢያ ልታስጠግን በር ላይ ቆመች። የአለቃው ሚስት የዚያን ሰሞን ታመው ወናፉን የሚገፋ ሰው አልነበረም። «እስኪ መጥረቢያሽ እስኪግል ይቺን ግፊልኝ» አሏት አለቃው። ይኸው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ገፋች። የምትመለስበትም አልነበራት፤ የተወለደችበት መንደር ዛሬ የግድብ ውሃ ሥር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት መግቢያ ነው። አለቃ ጂንፓቺ የአጎታቸውን ልጅ ጋሽ ሴይጎን አስጠሩ። ጋሽ ሴይጎ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ፣ የቤተ ዘመዱ አዛውንት ናቸው። እሳቸው እሺ ሳይሉ በዚያ ዘር ሠርግም፣ ርስትም፣ ስምም አይንቀሳቀስም።

«የወናፉ በዓል አንድ ወር ቀርቶታል» አሉ አለቃው፣ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በግራቸው ይዘው፤ ቶኪኤ ወናፉ ጋ ቆማ ትሰማለች። «በዚያን ቀን ማህተሙን ለቶኪኤ እሰጣለሁ። ዐሥራ ሁለተኛዋ ጂንፓቺ እሷ ናት።»

ጋሽ ሴይጎ እጃቸውን ዘርግተው የአለቃውን ግንባር ዳሰሱ።

«ምን ታደርጋለህ?»

«ትኩሳት ካለህ ብዬ ነዋ።»

«እጅህን አንሳ! የፖስታ ቴምብር መሰልኩህ?»

«ስማኝ፣ ቶኪኤን ጠልቼ አይደለም። አንቺም ስሚኝ ልጄ፤ ማጭድሽ ከሱ ማጭድ ይሻላል። አትቆጣ።»

«ምን ያስቆጣኛል? እውነት ነው።»

«ግን ይኸውልህ።» ጋሽ ሴይጎ ከብብታቸው አንድ ጥቅል አውጥተው ከሰል ባቆሸሸው ጠረጴዛ ላይ፣ መጀመሪያ ጋዜጣ አንጥፈው፣ ዘረጉት። የቤተ ዘመዱ የዘር ሐረግ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የደከሙበት። በብሩሽ የተጻፉት ስሞች ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀይ መስመር ተያይዘዋል። «ጂንፓቺ ጂንፓቺን ወለደ፤ ጂንፓቺም ጂንፓቺን። መስመሩ የትም አይበጠስም። የሥጋ ልጅ ያልሆነ አንድ እንኳን አሳየኝና ማህተሙን እኔው በእጄ አስጨብጣታለሁ። ካልሆነ ግን አንተ በቃኝ ስትል ማህተሙ እኔ ቤት መስታወት ውስጥ ይቀመጥ። ወንዝ ብቻ መሰለህ የሚደርቀው? ዘርም ይደርቃል፤ በክብር ይደርቃል።»

ማህተሙ የአውራ ጣት ቁመት ያለው ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ ሦስት መስመርና አንድ ነጥብ አለው። ማጭዱ እንደጋለ ይመታበታል። ያ ምልክት የሌለው ማጭድ ቢቆርጥም ባይቆርጥም በኮማሳዋ «አባት የሌለው» ይባላል፤ የሚገዛው የለም። ቶኪኤ ይህን ታውቃለች። ማህተሙ መስታወት ውስጥ ከገባ እሳቱም ያን ቀን ጠፋ ማለት ነው።

«ይህን ከየት ቀዱት ጋሽ ሴይጎ?» አለች።

«ከቤተ መቅደሱ የሙታን መዝገብ ነዋ! የቀድሞው ካህን በሕይወት ሳሉ ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ። ስሙን፣ ዓመቱን፣ ዕድሜውን።»

ቶኪኤ በማግስቱ ወደ ቤተ መቅደሱ ወጣች። ካህኑ አባ ታይኔን ቅጠል ይጠርጋሉ።

«መዝገቡን ለማንም ማሳየት ከቀረ ቆየ» አሏት። «ሰዎች እየመጡ የእከሌ አያት ምን ነበረ እያሉ በሰው ቁስል እንጨት መስደጃ አደረጉት። ዘመዱም ቢሆን አላሳይም።»

«እሺ አባ።»

እሺ ብላ ቆመች። አልሄደችም። ካህኑ ጥቂት ጠረጉ፤ ቀና ሲሉ አሁንም አለች።

«ግን በየማለዳው አነባለሁ» አሉ መጥረጊያውን ተደግፈው። «መዝገቡ የተጻፈው በቀን ነው። የአንደኛው ቀን ገጽ አለ፤ በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ፣ በየትኛውም ወር ይሁን፣ በአንደኛው ቀን የሞተ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። የሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ዘርም ዓመትም አይለይም። ቀናቸው ሲደርስ እጠራቸዋለሁ። ጆሮ አልከለከልኩም።»

«እንግዲያው አንድ ወር እመጣለኋ።»

«ወለሉ ቀዝቃዛ ነው።»

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜ ነው የኖርኩት አባ። መቀመጡ ራሱ ዕረፍት ነው።»

ጥቅምት ስምንት ማለዳ ጀመረች። ደወሉ ሲመታ ገና ጎህ እየቀደደ ነው። ከሷ ሌላ የምትመጣ አንዲት ነፍስ ብቻ ነበረች፤ እማማ ሺኖ፣ የሰማንያ ስድስት ዓመት ባልቴት፣ ጆሯቸው የደከመ። «እኔ የምመጣው ለሻዩ ነው» ይላሉ ሳይጠየቁ፤ «ጸሎቱን እግዜሩ ይሰማዋል፤ እኔ ካልሰማሁ ምን ቸገረው።»

አባ ታይኔን ጸሎቱን አድርሰው የቀኑን ገጽ ይገልጣሉ። መጀመሪያ የሚጠራው ለሟቹ በቀብሩ ዕለት የተሰጠው ስም ነው፤ ረጅም፣ የክብር ስም። ለወንድ ከሆነ «ሺንጂ» ብሎ ያልቃል፤ ለሴት ከሆነ «ሺንኒዮ» ብሎ። ከዚያ ዓመቱ፣ በመጨረሻም በመንደሩ የሚታወቅበት ስምና ዕድሜው ይከተላል። ያኔ ገበሬ የቤተሰብ ስም አልነበረውም። «የወንዝ ዳሩ ኪቺ»፣ «የድልድዩ ቤት አያት» ይባላል። ቶኪኤ «የቀጥቃጩ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ከከሰል ከረጢት በቀደደችው ወረቀት ላይ በእርሳስ ታሰፍራለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጂንፓቺ አገኘች፤ ዘጠነኛውንና ሁለተኛውን። አንድ ሚስት አገኘች። ሦስት ልጆችም አገኘች፤ ስማቸው እንኳን ሳይያዝ «የቀጥቃጩ ጂንፓቺ ልጅ፣ ሦስት ዓመቷ» ተብለው ያለፉ። ጋሽ ሴይጎ በሐረጋቸው ላይ እነዚህን አልጻፉም። ቶኪኤ ግን ጻፈቻቸው።

በመጀመሪያ የተበጠሰ መስመር ልትፈልግ ነበር የሄደችው። ቀን በገፋ ቁጥር ግን መፈለጉን እየረሳች መጣች። ስም በተጠራ ቁጥር አንገቷን ደፍታ «እናመሰግናለን» ትላለች በልቧ። ሰባተኛው በረሃቡ ዘመን ነው የሞተው፤ ያን ዓመት ማን ማጭድ ይፈልጋል? ግን እሳቱን አላጠፋውም። ዐሥረኛውን፣ የአለቃዋን አባት፣ ካህኑ ሲጠሩት እማማ ሺኖ በድንገት ነቁና «ጥሩ ዳንሰኛ ነበር» አሉ። ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ አልታወቀም።

ጥቅምት ዐሥራ ዘጠኝ ሊነጋጋ ሲል፣ ቶኪኤ ጫማዋን ስታጠልቅ፣ ከጓዳ የሰው መውደቅ ድምፅ ሰማች። አለቃ ጂንፓቺ መሬት ላይ ናቸው። በጎረቤት መኪና ጭና ከተማ ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው። አጥንት አልተሰበረም፤ የደም ግፊታቸው ወርዶ ነው። ከሰዓት በኋላ ይዛቸው ስትመለስ ያ ማለዳ አልፎ ነበር።

ያን ሰሞን ጋሽ ሴይጎ ከቀጥቃጩ ቤት የማይጠፉ ሆኑ። በሽተኛ ጥየቃ ነው ይላሉ፤ ግን በሽተኛው ጋ ጥቂት ተቀምጠው እሳቱ ጋ ይመጣሉ። አንድ ቀን የቶኪኤን መዶሻ በሁለት እጃቸው አንስተው ጉልበታቸው ድረስ አድርሰው አስቀመጡት።

«ስንት ኪሎ ነው?»

«ስድስት።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ።»

«እ…» አሉ። ሌላ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ዘጉት። የያዙትን ኮፍያ አድርገው ሄዱ።

ኅዳር ሰባት ወሩ ሞላ። ቶኪኤ የከሰል ወረቀቶቿን ወለሉ ላይ ደርድራ በዓመት በዓመታቸው አስተካከለቻቸው። ከዐሥሩ ጂንፓቺዎች ዘጠኙ አሉ። ሚስቶቹም አሉ። የጎደሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ስድስተኛው ጂንፓቺና የአምስተኛው ሚስት። አምስተኛው በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው የሞተው። ልጅ ሞተበት የሚልም፣ ልጅ ትቶ ሞተ የሚልም አልተነበበም። ታዲያ ስድስተኛው የማን ልጅ ነው? የሄደው ማለዳ፣ ያ ዐሥራ ዘጠነኛው፣ ይዞት ሄዷል።

እማማ ሺኖን ደጃፋቸው ላይ አገኘቻቸው።

«እማማ! በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን የተነበበውን ያስታውሳሉ?» ጆሯቸው ሥር ጮኸች።

«ያን ቀን ሻዩ ቀጥኖ ነበር።»

«ስሞቹን ነው የምልዎ! የቀጥቃጩ ተብሎ የተጠራ?»

«ለኔ ሁሉም ‘ም…ም…ም’ ነው ልጄ። ሴይጎን ለምን አትጠይቂውም? ጆሮው እንደ ጥንቸል ነው።»

«ጋሽ ሴይጎ ነበሩ እንዴ?»

«ኧረ ያን ቀንማ መጥቶ ነበር። ምሰሶው ጥግ፣ አይብ ሊሰርቅ እንደመጣ ድመት። ሻይም ሳይጠጣ ነው የወጣው። የቀጠነው ለሱ ተብሎ ይሆን?»

ቶኪኤ ወደ ቤተ መቅደሱ ወጣች። አባ ታይኔን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀናቸው ሳይደርስ አልጠራቸውም። ዐሥራ ዘጠኝ ሲመለስ ነይ። እስከዚያ የሰማ ሰው ካለ፣ እሱ ጋ አለ።»

ዐሥራ ዘጠኝ እስኪመለስ ዐሥራ ሁለት ቀን አለ። የወናፉ በዓል ነገ ነው።

ማታ ራት ላይ ለአለቃዋ ነገረቻቸው። አለቃ ጂንፓቺ ሾርባቸውን አስቀመጡ።

«ሴይጎ ሰምቷል አልሽ።»

«ሰምተዋል።»

«እና ሃያ ቀን ዝም ብሏል።»

«አዎ አለቃ። ልጠይቃቸው?»

«ብረት እንደጋለ ምቱት ይላሉ፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል» አሉ አለቃው። «ሳይግል የተመታው ግን ምን እንደሚሆን የምናውቀው እኔና አንቺ ነን።»

ይሰነጠቃል። ቶኪኤ ሳህኖቹን አነሳች።

በወናፉ በዓል እሳት አይነድም። ዓመቱን ሙሉ የተነፈሰው ወናፍ ይታጠባል፣ ሳኬ የሚሉት የሩዝ መጠጥና ሩዝ ይቀርብለታል፣ ሁሉም እጅ ይነሳዋል። ደጅ ላይ የመንደሩ ልጆች መንደሪን እስኪወረወርላቸው ይንጫጫሉ። ስምንት ዘመዶች በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጡ፤ ጋሽ ሴይጎ ከላይ፣ ጥቅላቸው ጉልበታቸው ላይ። አለቃ ጂንፓቺ ማህተሙን ነጭ ወረቀት ላይ አድርገው ወናፉ ፊት አኖሩት።

«እንግዲህ ቶኪኤ» አሉ ድምፃቸውን ጠርገው፤ «ተናገሪ። አገኘሽ?»

ቶኪኤ የከሰል ወረቀቶቿን ወለሉ ላይ ዘረጋች፤ ጋሽ ሴይጎን አላየቻቸውም። ማህተሙን ነው ያየችው።

«ዘጠኝ ጂንፓቺ ሰማሁ። የዘጠኙን አባት ልጅነት የሚያፈርስ ነገር አልሰማሁም። አንዱን ሳልሰማው አልፎኛል። ቃል ቃል ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስላስጠጋችሁኝ ግን አመሰግናለሁ። እናንተንም፣ እነሱንም።»

ወገቧን አጥፋ ግንባሯን ከወለሉ አደረሰች። አለቃው ማህተሙን አንስተው ለጋሽ ሴይጎ ዘረጉላቸው። ጋሽ ሴይጎ ተቀበሉ። መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። ከዚያ ጥቅላቸውን ፈቱና፣

«ብሩሽ ስጡኝ» አሉ።

«ምን ልታደርግ?» አሉ አለቃው።

«ብሩሽ ነው ያልኩት! በዚህ ቤት ቀለም የለም?»

ብሩሽ መጣ። ጋሽ ሴይጎ ሐረጉ ላይ ጎንበስ አሉ፤ ብሩሹን ከስድስተኛው ስም በላይ እንዳንጠለጠሉት ቀሩ።

«የጠፋው አንድ ሰው አይደለም፤ ሁለት ነው ብለሻል አይደል ወረቀትሽ ላይ? ስድስተኛው ጂንፓቺና የአምስተኛው ሚስት?»

«አዎ» አለች ቶኪኤ ቀና ብላ።

«አንድ ናቸው።»

ደጅ ልጆቹ «መንደሪን! መንደሪን!» ይላሉ።

«ከሠላሳ ዓመት በፊት ስቀዳ የታችኛውን ስም ብቻ ነው የቀዳሁት። የላይኛው፣ የሙታኑ ስም፣ ፊደሉ ከባድ ነው፤ ረጅም ነው፤ ምን ያደርግልኛል ብዬ ዘለልኩት። ‘የቀጥቃጩ ጂንፓቺ’ ይላል፤ ጻፍኩ። ከላዩ ምን ብሎ እንደሚያልቅም፣ ከሥሩ ምን እንደተጨመረም አላየሁም። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ቶኪኤ ምን ትቀዳ ይሆን ብዬ ልሰልላት ሄድኩ፤ እሷ የለችም። አባ ታይኔን አነበቡ። ‘ሺንኒዮ’ አሉ። የሴት ስም! ‘የቀጥቃጩ ጂንፓቺ፣ ሃምሳ አራት ዓመቷ። ባሏ ከሞተ በኋላ ሃያ አምስት ክረምት የመንደሩን ዶማ ሁሉ ጫፍ አደሰች። ቀብሯን ያስፈጸመው መዶሻ መላሿ ኡሄይ፣ የዛሬው ጂንፓቺ፣ ጨው ተሸካሚ ትቶት የሄደ ልጅ ነው።’»

ቃሉን አንድም ሳያጎድሉ ነው የተናገሩት። ሃያ ቀን ሲያኝኩት ከርመዋል።

ከሴቶቹ አንዷ፣ የጋሽ ሴይጎ ልጅ፣ ጣቷን እያጠፈች ትቆጥር ነበር። «ቆይ፣ ኡሄይ ሰባተኛው ነው። እኛ ደግሞ ከሰባተኛው ነው የምንወርደው። ታዲያ እኛ የማን ዘር ነን?»

«የጨው ተሸካሚው ነዋ!» አሉ ጋሽ ሴይጎ። «ይኸው! ሠላሳ ዓመት ደም ደም ስል!»

«ሾርባችሁ ለምን ጨው እንደሚበዛበት አሁን ገባኝ» አሉ አለቃ ጂንፓቺ።

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ጋሽ ሴይጎም ሳቁ፤ እየሳቁ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ከዚያ በአምስተኛውና በስድስተኛው መካከል፣ በስድስተኛውና በሰባተኛውም መካከል፣ ቀዩን መስመር በጥቁር ቀለም ዘጉት። በምትኩ ሁለት ትንንሽ መዶሻዎች ፊት ለፊት ሳሉ። ሥዕል አይችሉም፤ መዶሻዎቹ ማንኪያ ነው የመሰሉት።

«ሺኖ ሳትነግርሽ አትቀርም» አሏት ቶኪኤን ቀስ ብለው። «እዚያ እንደነበርኩ ታውቂ ነበር። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅዎ ‘አልሰማሁም’ ይሉኝ ነበር ጋሽ ሴይጎ። አንዴ ካሉ ደግሞ መመለሱ ይቸግርዎ ነበር።»

«አፌ ላይ ነበር» አሉ። «እውነቴን ነው፤ በየቀኑ አፌ ላይ አዘጋጅቼው ነበር የምመጣው። ባትጠይቂኝ ተናደድኩ። ኋላማ… ስድስት ኪሎ። ሃያ አምስት ክረምት። እሷ እሳቱን ባታቆየው እኔ የት ነበርኩ? ማን ይወልደኝ ነበር?»

የቶኪኤን ቀኝ እጅ ሳቡ፣ ማህተሙን መዳፏ ላይ አድርገው ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉባት። ብረቱ ከሳቸው እጅ ሞቆ ነበር። አለቃው የመንደሪኑን ቅርጫት በእግራቸው ወደ እሷ ገፋ አደረጉ።

«ቀጥቃጩ ነው የሚወረውረው። ውጪ፤ ልጆቹ በር ሊሰብሩ ነው።»

ወጣች። «ጂንፓቺ! ወደዚህ! ጂንፓቺ!» አሉ ልጆቹ፣ ማንም ሳይነግራቸው፤ ቅርጫት የያዘውን እንዲያ ነው የሚሉት። የመጀመሪያውን መንደሪን ወረወረች።

ኅዳር ዐሥራ ዘጠኝ ማለዳ በረዶ ጥሎ ነበር። በቤተ መቅደሱ ወለል ላይ አራት ሰው ተቀመጠ፤ እማማ ሺኖ፣ አለቃው በምርኩዛቸው፣ ጋሽ ሴይጎ በዚህ ጊዜ ከምሰሶው ጥግ ወጥተው፣ ከሁሉ ኋላ ቶኪኤ። አባ ታይኔን ገጹን ገለጡ። ሌሎች ስሞች አለፉ። ከዚያ ረጅሙ ስም መጣ፤ «…ሺንኒዮ» ብሎ አለቀ። «የቀጥቃጩ ጂንፓቺ።»

በጸሎት መካከል መናገር ነውር ነው። ቶኪኤ በታጠፈ ጭኗ ላይ ጡጫዋን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በልክ፣ መታች። መዶሻ መለሰች።

እማማ ሺኖ ብንን አሉ። «ሻይ ደረሰ እንዴ?»

«ደርሷል እማማ» አለቻቸው በሹክሹክታ።